አራት ቡሎን

በእኛ ጊዜ፣ ጃንሆይ ዙፋን ላይ ሳሉ ማለቴ ነው፣ ዲላ ውስጥ መኪና በድምፁ ነበር የሚታወቀው። እቤት ቁጭ ብለን የእገሌ መኪና መጣ፣ የእገሌ መኪና ወጣ እንባባል ነበር፣ አሁን ማን ይለየዋል፣ ባጃጁ ሁሉ አንድ ድምፅ ነው። ቆይ፣ ያንን ድስት አስቀምጪው። አስቀምጪው አልኩሽ፣ ትዕግሥት። እሱ አይጣድም። "አያቴ፣ ነገ እንግዳ ይመጣል፣ ድስት አነሰን፣ ይሄ ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ምን ይሠራል?" ትላለች እኮ። ምን ይሠራል። ነይ ቁጭ በይ ልንገርሽ፣ ጻፊውም ካልሽ ጻፊው፣ ግን አታቋርጪኝ፣ ካቋረጥሽኝ አልጨርሰውም።

ታላቅ ወንድም ነበረኝ፣ በራሶ የሚባል። ስምንት ዓመት የሰው መኪና ነድቶ፣ ነድቶ፣ በመጨረሻ የራሱን አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ያዘ፣ ግራጫ። ከፍስሐ ገነት ቡና ጭኖ ይወርዳል፣ ሲመለስ ጨውና ሰው ጭኖ ይወጣል፣ የታመመም ካለ እሱ ነው ሐኪም ቤት የሚያደርስ። እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ፣ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ቡሎን እያጠብኩ ነው ሙያውን የለመድኩት። እና በራሶ ሲነዳ የበሩን መስኮት አውልቆ፣ ክርኑን በሩ ላይ አስደግፎ ነው። ዝናብም ቢሆን። ክርኑ ካረፈበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ አልቆ ነጩ ቆርቆሮ ወጥቶ ነበር፣ ይቺን መዳፌን ታክላለች፣ ይቺን። እናታችን ከዲላ በላይ፣ በቡሌ መንገድ ዳገቱ ላይ ነበረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣላታል፣ ታዲያ ቶሎ አይወርድም፣ እዚያው መሪው ላይ ተቀምጦ ያወራታል፣ እሷም በሩ ጋ ቆማ ክንዱን ይዛ ታወራዋለች። እኔ ግቡ፣ ምሳ ቀረበ እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል።

ታዲያ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ ሰንብቶ፣ ከፍስሐ ገነት ወደ ይርጋጨፌ ሲወርድ የመንገዱ ጠርዝ ከዳው። መኪናው ተንከባሎ እንሰት ውስጥ ገባ። ብቻውን ነበር። ሰዎች ሲደርሱ አልቋል።

ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን እናቴ ጠራችኝ። ማልቀሱን ትታለች፣ ፊቷ ደርቋል፣ እኔ ያ ነው ያስፈራኝ።

"ጂግሶ፣ አባትህ ሲሞት ፈረሱን ያዞርንለት ትዝ ይልሃል?" አለችኝ።

"ይለኛል፣ እማዬ።"

"ኮርቻው ላይ ካባውን አድርገን፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ለቅሶው መሃል።"

"አዎ።"

"በራሶ ፈረስ የለውም። መኪናው ነው ፈረሱ። ቡናው ይለቀምና፣ ያልደረሰ ዘመድ ሁሉ ለለቅሶ ሲሰበሰብ፣ መኪናው ይዞርለት። ከአንተ ሌላ ነገር አልጠይቅህም።"

በእኛ ዘንድ እንደዚያ ነበር፣ ልጄ፣ ፈረስ ያለው ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ በለቅሶው መሃል በእጅ እየተመራ ይዞራል፣ ያኔ ነው ሰው ባለቤቱ እንደሌለ የሚገባው። እና እሺ አልኩ። ምን ልበል? እሺ፣ እማዬ፣ አዞርለታለሁ አልኩ።

ከዚያ መኪናውን ልይ ብዬ ሄድኩ። ባላየሁት። በበሬ ጎትተው መንገድ ላይ አውጥተውታል። ሻንሲው፣ ማለት መኪናው ሁሉ የሚቀመጥበት ብረቱ፣ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዟል። ጣሪያው የለም፣ ቀኝ ጎኑ የለም። ሞተሩን በእጄ አዞርኩት፣ ዞረ። ደህና ነው። ካምቢዮው፣ ማርሹ ማለቴ ነው፣ ደህና ነው። መሪው ደህና ነው። እና የሹፌሩ በር፣ የግራው፣ ይሄንን ጻፊ፣ የሹፌሩ በር ጭረት አልነካውም። በቀኝ ነበር የወደቀው። እዚያው በሩ ጋ ቆሜ አለቀስኩ፣ ያቺን ነጭ ቦታ በአይኔ እያየሁ አለቀስኩ፣ አላየሁም እንዳልል አይቻለሁ።

ይርጋጨፌ አንድ ነጋዴ ነበሩ፣ ሐጂ ሱሩር የሚባሉ፣ የተባረኩ ሰው። ግቢያቸው ውስጥ ሞተሩ ነክሶ አልዞርም ያለ ላንድሮቨር ቆሞ ዶሮ ይፈለፈልበታል፣ አረንጓዴ፣ ቦዲው ግን ምን የመሰለ፣ ሻንሲው ቀጥ ያለ። ሄጄ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ ሰሙኝ፣ እና "ወላሂ፣ ወንድምህ እናቴን በዝናብ ሐኪም ቤት አድርሶልኛል፣ አንድ ሳንቲም አልተቀበለኝም። ለሱ ለቅሶ ከሆነ ውሰደው። የተሰበረውን እዚሁ ጣለው፣ እኔ ግቢዬን ሳጸዳ አስወጣዋለሁ" አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ።

እንግዲህ ስብርባሪውን አስጎትቼ አስገባሁና ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ እዚያ ግቢ ነው የከረምኩት። የበራሶን ሞተር አወረድኩ፣ ካምቢዮውን አወረድኩ፣ ጎማውን፣ መሪውን፣ ሁሉን አውጥቼ በናፍጣ አጥቤ፣ የሐጂ ሻንሲ ላይ ሰካሁት። የሞተሩ መቀመጫ አልገጥም አለኝ፣ የሁለቱ ዓመት ይለያያል፣ ቆርጬ በየድኩ፣ አልሆነም፣ እንደገና ቆረጥኩ። ባሌስትራው፣ ከስር ያለው ሞላ፣ ጠመመብኝ። ፍሬኑ አየር ይስባል። አንዳንዴ ሳልበላ እውላለሁ። እና ሁልጊዜ ለራሴ ምን እላለሁ መሰለሽ፣ ልቡ የሱ ነው፣ ቆዳው ነው የሰው፣ እላለሁ። ለመካኒክ መኪና ማለት ሞተር ነዋ። ሌላው ቆርቆሮ ነው። እንደዚያ ነበር የማስብ፣ ጅል።

ልጨርስ ስል ሐጂ መጡ። ዞረው ዞረው አዩት። ከዚያ ወደ ስብርባሪው ሄዱና የበራሶን በር ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ይሄ በር እኮ ደህና ነው። አትወስደውም?"

"ሐጂ፣ አረንጓዴ መኪና ላይ ግራጫ በር? የተጣፈ ነው ይሉኛል። እኔ የተጣፈ ነገር አላወጣም።"

"አንተ ታውቃለህ" አሉ።

ሁለት ማጠፊያ ነው፣ ትዕግሥት። አራት ቡሎን። የሩብ ሰዓት ሥራ እንኳን አይደለም። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። እኔ ግን ዘመድ ሁሉ የሚያየው ነው፣ ጂግሶ የሠራው ነው የሚባለው ነው፣ አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን አልኩ። ወንድሜን ቀብሬ፣ ስለ ስሜ ነበር የማስብ።

ቀኑ ደረሰ። ዳገቱ ላይ ሜዳው በሰው ሞላ፣ ከኮቸሬ የመጣ አለ፣ ከቡሌ የመጣ አለ። መኪናውን ሜዳው ዳር አቁሜ ሽማግሌዎቹን "ነድቼ ላዙረው?" አልኳቸው። "ፈረስ ሰው ተቀምጦበት ለቅሶ ይዞራል እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። እና ሞተሩ ጠፋ። የበራሶ ኮት መሪው ጋ ወንበሩ ላይ ተደረገ፣ ስድስት ጎረምሶች ከኋላ ይገፋሉ፣ እኔ በሩ ጎን እየሄድኩ እጄን በመስኮት አስገብቼ መሪውን እይዛለሁ። ገባሽ? ከወንድሜ መኪና የተረፈው ሞተሩ ነው፣ እሱ ዝም አለ። የሚዞረው የሐጂ ቦዲ ነው። ያኔ አልገባኝም። ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፣ ወንዶቹ "ይሄን ያቆመ እጅ ይባረክ" ይሉኛል፣ እኔም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በወንድሜ ለቅሶ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ዙር እናቴ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ጎረምሶቹ መግፋቱን አቆሙ። መጣችና እኔን ገፋ አድርጋ በሩ ጋ ቆመች፣ እንደ ቅዳሜዎቹ። እጇን ክርኑ የሚያርፍበት ላይ አደረገች። ዳበሰችው። ወዲህ ዳበሰች፣ ወዲያ ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ይሄ የማነው?" አለችኝ።

"የበራሶ ነው፣ እማዬ።"

"አይደለም።"

"ሞተሩ የሱ ነው፣ እማዬ፣ መሪው የሱ ነው፣ ልቡ የሱ ነው።"

"ልቡን እኔ የት አይቼው አውቃለሁ? እዚህ ነበር ልጄን የምይዘው። እዚህ።" በሩን መታ መታ አደረገችው። "በሰው ፈረስ ልጄን አለቀስኩት" አለች፣ ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ አልጮኸችም፣ እና ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤት ገባች። ለቅሶው እዚያው ፈረሰ። ሰው አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ሄደ፣ እኔ ኮቱን ይዤ ቀረሁ።

በማግስቱ ማለዳ ይርጋጨፌ ነኝ። "ሐጂ፣ በሩ?" አልኩ። ሰውዬው ደነገጡ። "ቁርጥራጭ ነው ብለህ ጥለኸው ሄድክ፣ ልጄ። ድስት ሠሪዎች ቦዲውን ጠይቀውኝ ወሰዱት። ሳምንት አልሞላውም።" የላንድሮቨር ቦዲ እኮ ብረት አይደለም፣ አልሙኒየም ነው፣ ቀልጦ አሸዋ ላይ ሲፈስ ጥሩ ድስት ይወጣዋል። ዲላ ተመልሼ ሠሪዎቹን ከገበያው ኋላ አገኘኋቸው። "ግራጫ በር ነበር" አልኩ፣ "የሹፌር በር።" አንዱ ሳቀ፣ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ "ወንድም፣ እዚህ በርም መስኮትም የለም፣ ሁሉም ድስት ሆኗል፣ ያም ተሸጧል" አለኝ።

ይሄንን ለእናቴ መናገር ነበረብኝ። ባልናገር ይሻል ነበር። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ገበያ በወጣች ቁጥር ድስት ሻጮቹ ጋ ትሄዳለች፣ ድስቱን ሁሉ ታገላብጣለች፣ በመዳፏ ትዳብሳለች፣ "ይሄ ከየት መጣ?" ትላለች። "እማማ፣ ድስት ነው፣ ይገዛሉ?" ይሏታል። ሰው አእምሮዋን ነክቷታል አለ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን አንዱን ይዛ ቀረች፣ ዳበሰችው፣ ዳበሰችውና "ጂግሶ፣ ይሄ ነው አይደል?" አለችኝ። እኔ በምን አውቃለሁ? የቀለጠ ነገር ምልክት አለው? "አዎ፣ እማዬ፣ እሱ ነው" አልኳት። ገዛሁላት። እሳት ሳታሳየው ሰቀለችው።

መኪናውን ደግሞ እኔ እነዳው ጀመር፣ እንጀራ ነዋ። እሷን መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር አቆማለሁ። "እማዬ፣ ግቢ፣ ላድርስሽ" እላለሁ። "ሂድ፣ የሐጂን መኪና ሰው ይጠብቀዋል" ትለኛለች። ዓመት ሙሉ፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ያንን ዳገት በእግሯ፣ ጭነት ተሸክማ። እኔ ባዶ መኪና ይዤ አልፋታለሁ። ልጅ ለእናቱ እንዲህ ሲሆን አይተሽ ታውቂያለሽ?

ኋላ ታመመች። ሐኪም ቤት ትውረድ ተባለ፣ መኪናውን ደጃፏ አስጠጋሁ፣ አልገባም አለች። ለመንናት። ሽማግሌ ለመናት። አልገባም። ጎረቤቶች ቃሬዛ ሠሩና ተሸከሟት፣ ድስቱን ስጡኝ ብላ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፣ ፀሐይ ስለሆነ ፊቷን በጋቢ ሸፈኗት። እኔ ከኋላቸው በአንደኛ ማርሽ እከተላለሁ፣ በእግር ፍጥነት፣ ሞተሩ እያጉረመረመ። ምናልባት መንገድ ላይ እሺ ትላለች ብዬ ነው።

ዲላ ልንገባ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቃሬዛው ቆመ። ያወረዷት ሰዎች ናቸው የነገሩኝ፣ እኔ አልሰማሁም። ከጋቢው ስር "በራሶ መጣ" አለች አሉ። "ማነው?" ቢሏት፣ "የበራሶ መኪና ነው፣ አይሰማችሁም? አውርዱኝ፣ ልግባ" አለች። አይኗ አረንጓዴውን ሲያይ ጆሮዋ አይሰማ ኖሮ ነው መሰለኝ፣ ተሸፍና ሰማችው። አወረዷት። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ እየሮጥኩ ደረስኩና ጋቢውን ገለጥኩ። አልፋ ነበር።

ሰው መጽናኛ ነው ይለኛል፣ ልጄ መጣልኝ ብላ ነው የሞተች ይለኛል። አይደለም። የመጣላት በራሶ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ከዚያ በኋላ ስንት መኪና አቆምኩ፣ ከሞያሌ ድረስ ይመጡልኝ ነበር፣ ጎበዝ መካኒክ ይሉኛል። አራት ቡሎን መፍታት ያቃተው መካኒክ። ያ ነው ጎበዙ።

ምን? ድስቱ እውነት ከዚያ በር ነው ወይ? አላውቅም አልኩሽ እኮ። ያኔም አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም። እሷ ግን ነው ብላ አቅፋው ሞተች።

— እሺ፣ አያቴ። ሰቅዬዋለሁ። ድስት ከጎረቤት እዋሳለሁ።