የናይሮቢው የቀርከሃ ወንበር

ናይሮቢ ውስጥ የቡና መዓዛ ጎትቶ ካስገባኝ ቤት፣ ከመቀመጤ በፊት የቀርከሃውን ወንበር ገልብጬ መረመርሁ፤ ነቀዝ የበላው እንዳይጥለን እንጅባራ ያደግን ሁሉ እንዲህ እናደርጋለን። አስተናጋጇ ደንግጣ «ተሰበረ እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ደኅና ነው» አልኋት። ንድፉ ልብ ይማርካል፤ አሠራሩ ግን ከአባቴ እጅ አይበልጥም። አባቴ ደግሞ በዚያው ሳምንት የጓሯችንን ቀርከሃ መንጥረው ለከሰል የሚሆን ዛፍ ሊተክሉ ቆርጠዋል። ቡናዬ እየቀዘቀዘ ደወልሁላቸውና ወንበሩን መገልበጤን አጫወትኋቸው።

«አባባ፣ ቀርከሃውን አይንኩት! እዚህ የተከበረ ሰው የሚቀመጠው እርስዎ በሚሠሩት ዓይነት ወንበር ነው።»

«ቡና ልትጠጣ ገብተህ የሰው ወንበር ትገለብጣለህ? አዋረድኸን!» ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ድምፃቸው ከበደ። «የእኔ ዓይን ደክሟል። ማን ይሠራዋል?»

«እኔ» አልሁ፤ ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ጸናሁበት።

«እንግዲያው መጥረቢያውን ላስቀምጥ፤ አንተም እንዳትቆይ።»