ጾመኛው ኩሬ

— አሎ… አሎ… አዎ፣ አዳማ ባቡር ጣቢያ ነው። እኔ ነኝ፣ ገብረወልድ፣ የዓሣ ኩሬው ባለሙያ። … እንደምን ዋሉ፣ አዛዥ ኃይለየሱስ። ጌታውስ ደኅና ናቸው? ቤቱስ? … እግዚአብሔር ይመስገን። … እኔማ ዝዋይ ሰንብቼ ትናንት ገባሁ። ዛሬ ደግሞ ስልክ ይፈልግሃል ብለው ከኩሬው ዳር አስነሡኝ።

— ለሐሙስ? … ጌታው እንግዶቻቸውን ይዘው በባቡር ይወርዳሉ። እሺ። … የገና ጾም ስለሆነ ከገዛ ኩሬያቸው የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ለገበታ ይቅረብ። … ተጠብሶ። እሺ፣ ገባኝ። … የለም።

— የለም አልኩ። ቆሮሶ የለም። … ጥቂትም የለም። … መረቤማ አለ፣ የጠፋው ዓሣው ነው። … ሌባ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሌባ ቢያንስ አስቦ ነው የሚሠራው።

— ይስሙኝማ። ለዘር የሚሆን ዓሣ ላመጣ ዝዋይ ስወርድ፣ ዘበኛውን ሰንበታን ምን ብዬው ሄድኩ? ከአብዱልመናን ሥጋ ቤት ደምና ጉበት እየተቀበልክ ጠዋትና ማታ ለዓሣው ስጥ አልኩት። … ስመለስስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ከአዲስ አበባ በስልክ ትእዛዝ መጣ፣ ጾም ስለገባ ዓሣው ደምና ጉበት እንዳይቀምስ ተባለ አለኝ።

— እንዴት ማለት? በጾም የሚበላ ዓሣ ራሱ ሥጋ ከበላ ያስገድፋል አሉ። ስለዚህ ዓሣውም አብሮን ይጹም። የሽምብራ ንፍሮ ይሰጠው፣ ንፍሮውም ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዳይሆን። … እኔ አልሳቅሁም። የሚስቀው ተክለሃይማኖት ነው፣ የስልክ ሠራተኛው። አንተ፣ አፍህን ያዝ።

— እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሞኝ አይቻለሁ፣ አዛዥ። ጅቡቲ ከአንድ ግሪክ ዘንድ ሥራ ስማር እንኳ ስንቱን አይቻለሁ። ለበቅሎው ዳዊት የሚያስደግም ሰው ግን አላጋጠመኝም ነበር። … አይቆጡ እንጂ። የማንንም ስም አልጠራሁም። እርስዎን ለምን ነካዎት?

— ዓሣው ምን ሆነ ነው የሚሉኝ? ሽምብራው እታች ገብቶ ሸተተ፣ ውኃው ተበላሸ፣ ቆሮሶው ግማሹ ታፍኖ ሆዱን ወደ ላይ ገለበጠ። የቀረውን አምባዛው ጨረሰው። … አምባዛውን ረሱት? ያ ጢማሙ፣ ከአዋሽ በቦዩ የገባው። አውጥቼ ልጣለው ስል፣ ተው፣ ግርማ አለው፣ ለእንግዳ ይታያል ያሉኝ ማን ነበሩ? … እንኳን ትዝ አለዎት። እሱ ደምና ጉበቱን ጠግቦ ጭቃው ላይ ከተኛ ማንንም አይነካም ነበር፤ ለዚህ ነው አስቀድሜ እሱን የማጠግበው። እናንተ ሽምብራ አቀረባችሁለት። ንፍሮውን ትቶ ጎረቤቶቹን በላ። ውኃው ቢሸትም እሱ ምን ገዶት፣ አፉን ከላይ ብቅ አድርጎ አየሩን ይስባል። አሁን ከእሱ በቀር ኩሬው ውስጥ ነፍስ የለም።

— እሱ ይጠበስ? … አዛዥ፣ አምባዛ ቅርፊት የለውም። ጌታው ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንደማይቀምሱ እኔ ነኝ ለእርስዎ የምነግርዎ? … ጢሙ ተቆርጦ። … እንዲያ ነው? ዓሣ ጉበት በላ ብለው ጾም ያስጾሙ ሰው፣ አሁን ጢሙን ላጭተህ ለጌታው አብላ ይሉኛል።

— አሎ? … አለሁ። … ምን? … ይድገሙልኝ። … ቆሮሶውን ሰንበታ አውጥቶ ሸጠው ይባል። በእግር ብረት ተይዞ ለሐሙስ ይቅረብ። እርስዎም ምንም አላዘዙም። … ታኢ፣ ሰንበታ፣ ተቀመጥ። ተቀመጥ አልኩህ፣ ማንም አይወስድህም።

— አዎ፣ አጠገቤ ነው። … ይስማ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ሰንበታ ሞኝ ነው፣ ፊቱ ላይ ነው የምለው፤ ለአምባዛ ሽምብራ ስጥ ሲሉት ከሚሰጥ ሰው ምን ይጠበቃል። ግን የልጆች አባት ነው፣ እርስዎ ያሉትን ነው የፈጸመው። እርስዎ ላጠፉት እሱ በብረት አይታሰርም።

— እኔንም ከሥራ? … ያስወጡኝ። … አይ፣ አይከፋኝም አልልም፣ ይከፋኛል። ያን ኩሬ ከመጀመሪያው ዶማ ጀምሮ እኔ ነኝ ያስቆፈርኩት። ትናንት ዳሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እርስዎ ግን የሚያስጨንቅዎ የሐሙስ ገበታ ነው። ታዘብኩዎት።

— ትእዛዝዎን ማን ሰማ ይላሉ? ተክለሃይማኖት ሰምቷላ። ያን ቀን መስመሩን ያገናኘው እሱ ነው። … እንዴት ሊሰማ ቻለ? አዳምጦ ነዋ። የማያዳምጥ የስልክ ሠራተኛ የት ያውቃሉ? አሁንም ራሱን እየነቀነቀ ነው።

— ለጌታው ምን እላለሁ? እኔ ምንም አልልም። ከባቡር ወርደው፣ እንግዶቻቸውን አስከትለው ኩሬው ዳር ይቆማሉ። ያን ሁሉ ውኃ ብቻውን የያዘ፣ ጥጃ የሚያህል አምባዛ ያያሉ። ይህን እንዲህ ያሰባው ማነው ብለው ይጠይቁኛል። ያን ጊዜ የጠየቁኝን እመልሳለሁ። … አሎ? … አዛዥ? … አሎ?

— ዘጋው። እንካ ስልክህን፣ ተክለሃይማኖት። አንተ ደግሞ ተነሥ፣ ሰንበታ። አብዱልመናን ዘንድ ሄደህ ጉበት ይዘህ ና። … ለማን ይለኛል ደግሞ። ለአምባዛው ነዋ። ደኅና አድርገህ አብላው፣ እስከ ሐሙስ እንዳይሞትብኝ። ምስክራችን እሱ ነው።