ለእንግዳ የተያዘ ፍሪጅ

ቆላ አገር ካለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ኃላፊው አቶ ልየውና አዋላጇ ሲስተር ይርገዱ፣ ትናንት በወሊድ ስለሞተችው ወርቅያንሳት የሚላከውን ሪፖርት መሃል አድርገው፣ እንደ እነሱ ከደከመው ማራገቢያ ሥር ተቀምጠዋል።

ልየው፦ «ከቤት ዘግይታ መጣች» ብለሽ ፈርሚና ገላግይኝ፣ ይርገዱ።

ይርገዱ፦ ከየትኛው ቤት?

ልየው፦ ከቤቷ ነዋ!

ይርገዱ፦ ሴትየዋ እኮ እዚሁ ግቢያችን፣ የእናቶች ማቆያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተኝታለች። ማቆያው ውስጥ ቢያስነጥሱ ማዋለጃ ክፍሉ «ይማርሽ» ይላል። ምጡ ሲመጣባት የገንፎ ማማሰያዋን እንደያዘች ነው ተሻግራ የመጣችው።

ልየው፦ ማማሰያውን ልታስቀምጥ ስትል አልዘገየችም?

ይርገዱ፦ ልየው!

ልየው፦ እሺ፣ እሺ። ድካም ነው የሚያናግረኝ። እስኪ ተረጂኝ። ወረቀቱ የሚያውቀው ሦስት መዘግየት ነው፤ ከቤት፣ ከመንገድ፣ ወይ ከእኛ። ከእኛ ከተባለ እኔም አንቺም አበቃልን።

ይርገዱ፦ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ያልመረጥንበት ጊዜ አለ? ባለፈው የሞተውን ጨቅላ እንኳ «ከቤት ዘግይቶ» አልነው። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሞተ ልጅ ቤቱን መቼ አየውና ነው የሚዘገየው?

ልየው፦ ማን ተከራከረ?

ይርገዱ፦ ማን ይከራከራል? የሞተ ተጎዳ።

ልየው፦ በይ እንግዲያው መንገድ እንበለው። ወደ ሆስፒታል ስትላክ፣ አምቡላንስ ውስጥ።

ይርገዱ፦ እንደ በግ ነጋዴ ትቀንስልኛለህ እንዴ? ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ እጇ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ከግቢው አልወጣንም። «በዚህ ጤና ጣቢያ አንዲትም እናት በወሊድ አትሞትም» ከሚለው ባነርህ ሥር ነበርን።

ልየው፦ እሱን እኮ ለነገ ነው ያሰቀልኩት።

ይርገዱ፦ ነገ! ሊጎበኙን የሚመጡት እንግዶችህ «ነገ» ካሉ ስንት ነገ አለፈ?

ልየው፦ በዚህኛው ነገ ይመጣሉ፤ ደውለዋል። አይተው ሞዴል ናችሁ ካሉን የቀዶ ጥገና ክፍል ይሠራልናል። ያኔ ስንቷ ትተርፋለች! ለራሴ መሰለሽ? አንዷን እውነት ሸፍነን ስንት እናት ብናድን ምናለበት?

ይርገዱ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ዘንድ ደግሞ የታመመው መድኃኒቱ ራሱ ነው።

ልየው፦ ደግሞ ወደ ፍሪጁ ልትመልሺኝ ነው?

ይርገዱ፦ እሱ ነዋ ነገሩ! ደም የሚያቆመውን መርፌ ከፍሪጁ አውጥተን በቦታው ለእንግዶቹ ለስላሳ ደረደርንበት። «ለአንድ ቀን ነው» አልክ። እነሱ ዛሬ ነገ ሲሉ፣ መርፌው ሳምንቱን ሙሉ መስኮት ሥር በዚህ የቆላ ፀሐይ ተቀቀለ። ለወርቅያንሳት ስወጋላት ውሃ የወጋሁ ይመስል ማህፀኗ አልሰበሰብ አለ። ደገምኩት። ደሙ ጭራሽ ባሰበት። የወንድ ልጅ እልልታ ሰባት ሳይሞላ ሴቶቹ ዝም አሉ።

ልየው፦ የመርፌውን ካርቶን በእጅሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ።

ይርገዱ፦ እኔ ነኝ። ያዘዝከው አንተ፣ እሺ ያልኩት እኔ። ስሜን ከስምህ ጎን ጻፈው፤ ብታስቀድመውም ግድ የለኝም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብያት ነበር እኮ፣ ልየው። አፌን ሳልዘጋ ደሙ መጣ።

ልየው፦ ልጁስ?

ይርገዱ፦ አክስቱ ከልጇ ጋር ታጠባዋለች። ደህና ነው። ድምፁማ ከኛ ሁሉ ይበልጣል።

ልየው፦ ቆይ፣ መበላሸቱንስ በምን አወቅሽ? ቀኑ አላለፈበትም፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

ይርገዱ፦ «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚልም ተጽፎበታል። የሚመቸንን ብቻ ማንበብ ለመደብን።

ልየው፦ አንዳንዷ እኮ ደህናውን ብትወጊያትም አይቆምላትም።

ይርገዱ፦ ይሆናል። ማቆያው ውስጥ ያሉትስ? ዘነቡ ከጠዋት ጀምሮ ወገቧን ይዛ ግድግዳ ትደገፋለች። የመድኃኒት መጋዘኑን ብጠይቅ «ድርሻችሁን ወስዳችኋል፤ ተበላሸ ብላችሁ ካልጻፋችሁ ሌላ የለም» አሉኝ። ከቤት ዘገየች ብለን ከጻፍን መድኃኒቱ ደህና ነው ማለታችን ነው። ደህና ከሆነ ደግሞ ለዘነቡ ከዚያው ካርቶን ልወጋ ነው።

ልየው፦ ውጊያት! ደህና ነው አልኩሽ።

ይርገዱ፦ እርግጠኛ ነህ?

ልየው፦ መድኃኒቱ ደህና ነው! በቃ!

ይርገዱ፦ እሺ። እንግዲያው ለባለቤትህም ከዚያው ላስቀምጥላት። ሙጪት ወሯ ገብቷል አይደል? «ከይርገዱ እጅ ሌላ አልወልድም» ስትል ነበር።

ልየው፦ እሷን ተያት።

ይርገዱ፦ ምነው? ካርቶኑ ለሷም ይበቃል።

ልየው፦ የለችም።

ይርገዱ፦ የት ሄደች?

ልየው፦ ከተማ፣ እህቷ ዘንድ። እዚያ... ሆስፒታሉ ቅርብ ነው።

ይርገዱ፦ መቼ?

ልየው፦ ዛሬ ጠዋት። በመጀመሪያው አውቶቡስ።

ይርገዱ፦ የወርቅያንሳት ቀብር ሳይፈጸም።

ልየው፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ በይው። እኔም ባል ነኝ። ፈራሁ፣ ይርገዱ።

ይርገዱ፦ አልፈርድብህም። እንዲያውም አሁን ገባኝ፤ ልክ ነህ፣ ጥፋቱ የቤት ነው። አምጣው ልፈርም። የወርቅያንሳት ባል እኛን አምኖ ሁለት ሳምንት እዚህ ከሚያስተኛት፣ እንዳንተ ቶሎ ነቅቶ በበራችን አሳልፎ ከተማ ሊወስዳት ይገባ ነበር።

ልየው፦ (እስክሪብቶውን ያነሳል።)

ይርገዱ፦ እስክሪብቶውን አቀብለኝ እንጂ።

ልየው፦ አልሰጥሽም። እኔ እጽፈዋለሁ፤ ሦስተኛውን፣ ከእኛ። አንቺ ሹፌሩን ጥሪና ዘነቡን ሆስፒታል ያድርሳት፤ ሲመለስ በመጋዘኑ በኩል ይምጣ፣ መርፌው ተበላሸ የሚለውን ደብዳቤ አስይዘዋለሁ። ለስላሳውንም ከፍሪጁ አስወጪው።

ይርገዱ፦ እንግዶቹስ?

ልየው፦ ሙቁን ይጠጡ።