ንፍፊት የሌላቸው አይጦቻችን

ክቡራትና ክቡራን፣ ለዛሬ ብቻ ክቡራን የተባላችሁትም፣ ስላሰናዳችሁልኝ ማቶኬ፣ ያ የሙዝ ገንፏችሁ፣ እና ዶሮ አመሰግናለሁ። እንዲህ ደስ ብሏችሁ የምታበሉኝ ስለምሄድ ይሆን? ሀና ለኡጋንዳውያኑ እያስተረጎመች ስለሆነ ቀልዴ የሚደርሳቸው ቆይቶ ነው። እስኪስቁ እጠብቃለሁ።

እዚህ ዋንዴገያ ላብራቶሪ ከመግባቴ በፊት አይጥ የማውቀው ሳባርር ነበር። እዚህ አልጋ ላነጥፍላቸው በቃሁ። መጀመሪያ ሰሞን ተመራማሪዋ ዶክተር ሐቢባ እንዲገባኝ ብለው በአማርኛ፣ እነዚህ አይጦች ንፍፊት የላቸውም አሉኝ። “ተመስገን” አልኩ። እኛ ሰፈር ንፍፊት የሚባለው ብሽሽት ሥር አብጦ ሰው ሲያነክስ ነዋ! ለካ ሳያብጥም አለ፤ የሰውነት ዘበኞች የሚሰባሰቡበት ቤት ነው። ጤነኛ ናቸው ብዬ የቀናሁባቸው አይጦች ቤት አልባ ነበሩ።

ቤቱን ማን ይሠራዋል አልኳቸው። ህዋሶቹ ራሳቸው፣ አንዱ ሌላውን በኬሚካል መልእክት እየጠራ፣ አንተ እዚህ ቁም፣ አንተ እዚያ እያለ ነው አሉኝ። ታዲያ ከምኖርበት ከናሙዎንጎ የቀን ሠራተኛ ላምጣላችሁ? አልሳቁም።

“መልእክቱን ሳይወለዱ በእናታቸው በኩል ልንሰጣቸው እንችላለን” አሉኝ። “ከተወለዱ በኋላ ግን ብትጠራ ብትጠራ ቤቱ አይቆምም።”

ይቺ ነገር አልለቀቀችኝም። አብረውኝ አይጦቹን የሚንከባከቡት እትዬ ታደለች፣ በኮሮናው ጊዜ ቦዳ ሞተር ሳይክል ሰው እንዳይጭን ሲከለከል ከናሙዎንጎ አብረን በእግር ስንመጣ፣ መንገዱን ሙሉ የማታ ትምህርትህን ጨርስ ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ አይጦቹ የት ተምረው ነው ደሞዝተኛ የቀጠሩት እላቸው ነበር። ዘንድሮ በሥራው የሚቀጥለው የምስክር ወረቀት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው ሲባል ቀልዱ አለቀብኝ።

ሥራ አይጠፋም፤ ናካዋ ገበያ ሸክም ሞልቷል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። መልእክቱን የተወጉት እርጉዝ አይጦች በመጪው ሳምንት ይወልዳሉ። ሲወጉ እያባበልኩ የያዝኳቸው እኔ ነኝ። ቤቱ መቆም አለመቆሙን የምታዩት ግን እናንተ ናችሁ። ቁልፉን ዛሬ አስረክቤያለሁ።

ትናንት እትዬ ታደለችን፣ ለመማር ለእኔም ረፍዶብኛል ወይ አልኳቸው፤ ሳልቀልድ። ጓንታቸውን እያወለቁ አዩኝ።

“አንተ አይጥ ነህ እንዴ?” አሉኝ።

ቀልድ ሳልጨምር ጓንታቸውን ተቀብዬ ጣልኩላቸው። እኔ!

በሉ ደህና ሁኑ። የላይኛው ጌታ ጎጇችሁን ያቁምላችሁ። እርጉዞቻችንን በሰላም ይገላግልልን። የሚጠራችሁ ሰው አትጡ፤ ስትጠሩም እንደኔ አትሳቁ።