እሾህ የሌለው አጋም
ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጥተው የሰበታን መንገድ በድንጋይ የዘጉ ቀን ከታክሲ ወርጄ በጫካው አቋርጬ ወደ ቤቴ ስሄድ ራበኝና አጋም የመሰለ ፍሬ ለቀምኩ። ወደ አፌ ሳስጠጋው አንድ ጠና ያሉ ገበሬ ከማዶ «ሂን ኛቲን! ሂን ኛቲን!» እያሉ ወደ እኔ ሮጡ። ኦሮምኛ አልችልም፤ የሚገድሉኝ መስሎኝ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ደርሰው ክንዴን ያዙና ፍሬውን ከእጄ አራገፉት።

«አትብዪ እኮ ነው የምልሽ! አጋም እሾህ አለው፤ ይሄ የለውም፣ መርዝ ነው!» አሉኝ በአማርኛ፣ እያለከለኩ። «ኦቦ፣ የሚመቱኝ መስሎኝ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ግን አልሰሙኝም። «ከአስፋልቱ ነው የመጣሽው? ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ተማሪ አላየሽም? ልጄ ናት፤ ጠዋት እንደወጣች አልተመለሰችም።» አላየኋትም። ስሟን ጠየቅኳቸውና አብሬያቸው ወደ አስፋልቱ ተመለስኩ። እዚያ ስንደርስ የየልጁን ስም እየጠራ የሚፈልገው ወላጅ ብዙ ነበር።