ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር ስለተገኘው ካርቶን

የምስክሯ ስም፦ በዕድሜዋ ምክንያት አልተጻፈም፤ የቤት መጠሪያዋ ሚጢጢ
ዕድሜ፦ 15
ትምህርት፦ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው በር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጠዋት
ጉዳዩ፦ ምግብ በመመረዝ ሙከራ የቀረበ ጥቆማ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር የምኖረው ከአክስቴ፣ ከእናቴ ታናሽ እህት ጋር ነው። በቤቱ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም። አክስቴ በአንድ የምርምር ተቋም የላቦራቶሪ ሠራተኛ ስትሆን ሥራዋ እርሾ ማራባት ነው። ማታ ስትገባ የምታወራኝም ስለ እርሾ ነው። ስለ ሌላ ነገር ብዙም አታወራኝም፤ እኔም መናገር ስለሚከብደኝ አልጠይቃትም። እንደነገረችኝ እርሾው መዳብ በተጨመረበት ሳህን ላይ ይዘራል። መዳቡ መርዝ ስለሆነበት አብዛኛው ይሞታል። መዳቡን አንቆ የሚይዝ ጂን የሚባል የዘር ቅንጣት በብዛት የወረሰው ግን ይተርፋል፤ ለልጆቹም ያወርሳል። የተረፈው የሚታወቀው ቀስ እያለ ሲያድግ ነው። ሙቀት ከተቋረጠበት የሞተውና የዘገየው ስለማይለይ የወራት ልፋት ገደል ይገባል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አክስቴ አንድ ካርቶን በሹራቧ ጠቅልላ ይዛ መጣች። በተቋሙ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም አልነሳ ብሏል አለችኝ። በካርቶኑ ላይ የራስ ቅል ሥዕል ነበረበት፤ ውስጡ እርሾው የተዘራባቸው የታሸጉ ሳህኖች ነበሩ። በእኛ ቤትና በዳቦ ቤቱ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ የምድጃው ግድግዳ ሁልጊዜ ይሞቃል። አክስቴ ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ለብ ያለውን ቦታ መረጠችና ካርቶኑን አስጠጋችው። ከዚያም የእኔን ብርድ ልብስ አለበሰችው። «እኔስ?» ስላት «አንቺ ኮት አለሽ፤ እነሱ ምን አላቸው?» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው ብርድ ልብሱን ገልጦ ሥዕሉን አየ። ከአክስቴ ጋር በምድጃው ጭስ ምክንያት ተኳርፈው ነበር። «ጭስህ ገደለኝ ስትይ ከርመሽ አሁን ደግሞ ሊጤን ልትመርዢ ነው?» አላት። አክስቴ በራችን ላይ ቆማ «የኔ አይደለም» አለች። እሱም «ታዲያ የዚህች ድምፅ የሌላት ልጅ ነው?» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ከዚያም ፖሊስ ጠራ።

ፖሊሶች ሲወስዷት አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሳህን ከተቋሙ ግቢ ማውጣት ክልክል ነው፤ ከሥራ ያባርሩኛል። ምንም አላየሁም በይ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። የኔ ልጅ ብላኝ አታውቅም ነበር።

ካርቶኑ የማን ነው ተብዬ ስጠየቅ የአክስቴ ነው ብያለሁ። ሳህኖቹ አልተከፈቱም። ከመተላለፊያው ወደ ዳቦ ቤቱ የሚያስገባ በርም መስኮትም የለም። እሷም ሊጡ አጠገብ አልደረሰችም። ዝም ብል ሰው ልትመርዝ ነበር ተብላ ትታሰራለች፤ ብናገር ሥራዋን ታጣለች። ትናንት ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ይህንኑ ሳስብ ዋልኩ። ሥራ ተፈልጎ ይገኛል ብዬ ነው የተናገርኩት። ስትፈታ ታናግረኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ቃሌ ተነብቦልኝ ያልኩት ሳይጨመርና ሳይቀነስ መጻፉን ሰምቻለሁ። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ፈርማለች
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ፈርሟል
የአሳዳጊ ፊርማ፦ አልተፈረመም። አሳዳጊዋ በዚሁ ጉዳይ በማረፊያ ክፍል ትገኛለች። ምስክሯ ሌላ ዘመድ እንዳላት ተጠይቃ የለኝም ብላለች።