ሊመክሩት የሄዱት አባት

ባሌ ዓሣ ማጥመድ ከለመደ ወዲህ ቅዳሜ ቤት ውሎ አያውቅም። ገና ጎህ ሲቀድ ዘንጉን መኪና ላይ ጭኖ ዴ ሞይን ወደሚባለው ባሕር ዳርቻ ይሄዳል። እኔ ኬንት ከተማ፣ ቤታችን ውስጥ ከሁለት ልጆችና ተራራ ከሚያህል የታጠበ ልብስ ጋር እቀራለሁ። ብናገር ብናገር አልሰማ ሲለኝ ለንስሐ አባታችን ኮል አደረግኩ። «አይዞሽ ልጄ፣ እዚያው ሄጄ እመክረዋለሁ» አሉኝ።

እውነትም ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። ሶ፣ ከሰዓት ሆነ፤ ባሌም የለ፣ አባም የሉ፤ ስልክም አያነሱም። ተጣልተው ይሆን እንዴ ብዬ ልጆቹን ጭኜ ነዳሁ። ስደርስ አባ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ የባሌን ዘንግ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። ባሌ ከጎናቸው «ቀስ ይበሉ አባ፣ ቀስ!» ይላል። ልጆቼ «ፑል! ፑል!» እያሉ ወደ እሳቸው ሮጡ።

«አባቴ፣ መከሩት?» አልኳቸው።

ዞር እንኳን ሳይሉ «ቆይ ልጄ፣ ይዞልኛል!» አሉኝ።

ስንት የምናገረውን አዘጋጅቼ መጥቼ ሳቄ አመለጠኝ። አባም አፈር ብለው እዚያው ፈረዱ፤ ልብሱ ታጥፎ ሳያልቅ ዓሣ የሚባል ነገር የለም አሉ።

አሁን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጠዋት ይደውሉና «ጨረሰ?» ይሉኛል። «ኧረ ገና ነው» ካልኳቸው ቤት ድረስ ይመጣሉ። ከዚያ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው የልጆቼን ካልሲ እያገጣጠሙ፣ ባሌን «ቶሎ በል እንጂ፣ ረፈደብን እኮ!» ይሉታል።